እሷ በሌለችበት የታጨደው ገብስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሱፍ ኮት ከተነሣ የእኔ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ይርዳው ልብስ ሰፊው ማለት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያለውን መናገር ስለምወድ ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ያረጀ ኮታቸውን ሸጡልኝ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት፤ ገበሩን ለብቻ፣ እጅጌውን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ መሬት ላይ ዘርግቼ ሳየው ዋልኩና እንደገና ገጠምኩት። ዳኛው ለብሼው ሲያዩኝ መልሼ እንድሸጥላቸው ለመኑኝ። እንግሊዝኛም ያወቅሁት እንደዚሁ ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላትና አንዲት ሬዲዮ ነበሩኝ፣ ቃሉን ከሬዲዮው እሰማለሁ፣ ከመዝገበ ቃላቱ እፈልጋለሁ፣ ሳላገኘው እንቅልፍ አይወስደኝም። ትምህርት ቤት የገባሁት ዩኒፎርም ልለካ ብቻ ነው። ሆኖም የዚህ ከተማ መምህራን የሚጽፉትን ደብዳቤ አምጥተው «ጋሼ ይርዳው፣ እስቲ እንግሊዝኛውን ተመልከቱልኝ» ሲሉኝ ኖረዋል። ተመልክቼላቸዋለሁ፤ ሳይታረም የተመለሰ አንድም አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀጭን ልጅ ሱሪ ይዞ መጣ። ወገቡን እንዳጠብለት፣ እግሩን እንዳሳጥርለት ነገረኝና፣ «አደራ አባባ፣ ለዲፌንስ የምለብሰው ነው። ዲፌንስን እንኳ አያውቁትም፤ ግን ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። መቀሴን አስቀመጥኩ። «ዲፌንስ ማለት» አልኩት፣ «የጻፍከውን ነገር በጠያቂዎች ፊት ቆመህ መከላከል ነው። ከውጭ የመጣው ፈታኝ መጀመሪያ ያመሰግንሃል፤ ሲያመሰግንህ ደስ እንዳይልህ፣ ቀጥሎ ነው የሚይዝህ። ‹ይህን ነጥብ አላየሁትም ነበር› ማለት አያሳፍርም፤ መዋሸት ነው የሚጥልህ።» ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከየት እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። ልንገርህ ብዬ ብጀምር ሱሪው ለቀኑ አይደርስም ነበርና ማክሰኞ ና ብዬ ሸኘሁት። እሱ ሲወጣ ግን ለብዙ ዓመት ያልሸተተኝ ነገር ሱቄ ውስጥ ሸተተኝ፤ አዲስ አቡጀዴና የገብስ ገለባ አቧራ አንድ ላይ። ስለዚህ ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የማወራው ሞባይል ገና በየኪሱ ሳይገባ ስለነበረው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያስወርደው መንገድ ላይ፣ ከካሴት ቤቱ አጠገብ ነበር። ካሴት ቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ እስከ ማታ እሱኑ ያዞራል፤ የስፌት መኪናዬን በእግሬ ስረግጥ ሳላስበው ከዘፈኑ ጋር እረግጥ ስለነበር የዚያ ዓመት ስፌቴ ሁሉ በዚያ ዘፈን የተሰፋ ነው። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል። ከወረታ የሚወጣው መንገድ አስፋልት ስላልነበረው አውቶቡስ የሚወርድ ሰው ፀጉሩም ቅንድቡም አቧራ ለብሶ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጅ ይመስላል። ወጣቶቹ ከታች የሰፋ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ ያኔ ጠባቡን አምጥተው አስፋልን ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸው ሰፊውን አምጥተው አጥብብልን ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ዛሬ በዚያ መንገድ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፣ ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቶናል፣ ከተማችንም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ያኔ ግን ሁለተኛ ዲግሪ የሚባለውን ነገር የፈለገ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቆላው፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዩኒቨርሲቲ መውረድ ነበረበት።

ስመኝ የምትባል ልጅ የጓሮዬን ክፍል ተከራይታ እኔ ግቢ የገባችው በዚያ ጊዜ ነው። የይፋግ ልጅ ናት። ከግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ፣ አንዲት ግራጫ ኮት ለብሳ፣ በእግሯም በጭነት መኪናም በጉና ተራራ ሥር ወዳለችው ገሳይ እየተመላለሰች ገበሬ ታማክር ነበር። ኮቷን ባየሁ ጊዜ ትከሻው የሰው ትከሻ እንዳልሆነ ነገርኳትና ፈትቼ ሰፋሁላት፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ እያለች ሱቄ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ማስተርስ ለመማር አመልክታ እንደነበረና በመግቢያ ፈተናው እንደወደቀች፣ ዘንድሮም ልትሞክር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለምን ወደቅሽ ብላት እንግሊዝኛው አለችኝ። እንግሊዝኛውን ለእኔ ተዪው አልኳት።

ከሥራ ስትመለስ እኔ እየሰፋሁ እሷ ታነብልኛለች፤ ስትሳሳት መርገጤን አቆማለሁ። መኪናው ሲቆም ስሕተት መሆኑን ታውቃለች። ለምን መማር እንደምትፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍም ተጠይቃ ነበር። ጽፋ ያመጣችው ስለ አገር እድገት፣ ስለ ወገን ጥቅም የሚያትት፣ ማንም ሰው ለማንኛውም ነገር ሊጽፈው የሚችል ጽሑፍ ነበር። ይህን ጽሑፍ አስተካክዬ ልሰፋው አልችልም፣ ጨርቁ ራሱ የውሰት ነው አልኳት፤ አንቺን የቸገረሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። በጉና ሥር ያሉ ገበሬዎች ከአያቶቻቸው የወረሱት የገብስ ዘር ብዙ ዓይነት መሆኑን፣ እነሱ ራሳቸው የትኛው ዘር ለየትኛው መሬት እንደሚሻል ሲከራከሩ እንደሚውሉ፣ እሷም ባለሙያ ተብላ ሄዳ መልስ መስጠት ሲያቅታት እንደምታፍር ነገረችኝ። ያንኑ ጻፊ አልኳት። ጻፈች፤ አለፈች። እሷ ፈተናው ቀሎ ነው ትላለች።

ስመኝ በትምህርት ፈቃድ ወረደች። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ የሚማሩበት ነው። ለበዓል ስትመጣ ግራጫው ኮት እንደገና ሰፍቷት ነበር፤ አጠበብኩላት። ለአንዲት ኮምፒውተር ወረፋ እንደሚሰለፉ፣ የሚነበበው ወረቀት ቁልል እንደማያልቅ፣ ክፍል ውስጥ ከወንዶቹ መካከል እሷ ስትጠይቅ መምህሩ ጥያቄዋን ለሌላ ሰው እንደሚመልስ ትነግረኝ ነበር። ይፋግ ያሉት እናቷ ደግሞ እኩዮቿ ልጅ ወልደው ክርስትና ሲያስነሡ የእሳቸው ልጅ አሁንም ደብተር መያዟ አልገባቸውም። ገበያ መጥተው ሱቄ ጎራ ባሉ ቁጥር «አቶ ይርዳው፣ ይህ ትምህርት ማለቂያ የለውም?» ይሉኛል። ሊያልቅ ነው እላቸዋለሁ። እኔ ባላበረታታቸው ኖሮ ያኔውኑ ጎትተው ያስቀሯት ነበር።

ሁለተኛው ዓመት የጥናት ነው። ማሳ ያስፈልጋታል፤ ማሳውን ያገኘሁላት እኔ ነኝ። የገሳዩ አያ ፈንቴ የቆየ ደንበኛዬ ነበር፤ ሠርጉን የሠረገው እኔ በሰፋሁት ካኪ ነው። ነገሩን ነግሬው ከቤቱ በላይ ካለው ማሳ ጫፉን ሰጣት። ስመኝ መሬቱን ከመኝታ በማይበልጡ መደቦች ከፋፈለች፤ በያንዳንዱ መደብ ላይ የተለየ የገብስ ዘር ዘራች፣ አጠገቡም በቀለም ቁጥር የተጻፈበት ችካል ተከለች። መንደርተኛው ሲያይ ይስቃል። ሌላው ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ እሷ ለገብስ ስም ታወጣለች ብለው «የገብስ ክርስትና እናት» የሚል ስም አወጡላት። አያ ፈንቴ ራሱ ገበያ ሲመጣ፣ «ገብሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ አንደኛው ብቻ ትናንት ትንሽ አስነጥሶት ነበር ብለህ ንገራት» ይለኛል። ይሳቅ እንጂ ክረምቱን ሙሉ ሲጎበኘው ነው የኖረው።

ኅዳር ገብቶ ሰብሉ ሊደርስ ሲል ከዩኒቨርሲቲው ተጠራች። ሴሚናር የሚባል ነገር አለ፤ ያለ እሱ አይታለፍም። ልትሄድ ስትል አያ ፈንቴን አደራ አለችው፤ ምንም እንዳይነካብኝ፣ ስመለስ እያንዳንዱን መደብ ለብቻው አጭጄ እመዝነዋለሁ አለችው። እሱ የሰማው አደራውን ነው።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። በአጨዳ ወቅት ሰማዩ ሲያስፈራ ደቦ ይጠራል፤ ደቦው የሚጀምረው ግን ከጠሪው ማሳ አይደለም። ሐዘን የተቀመጠ፣ አራስ የሆነች ወይም መንገድ የሄደ ሰው ካለ የእሱ ይቀድማል። የሌለ ሰው ሰብል በረዶ ከመታው የሚታማው በረዶው ሳይሆን መንደሩ ነው። ስመኝ በሄደች በሳምንቷ በጉና ላይ ያልታሰበ ደመና ወጣ። አያ ፈንቴ ደቦ ጠራ። ሰዉ ማጭዱን ይዞ መጣና፣ መንገድ የሄደ አለ ወይ ተባለ። አለ፣ ስመኝ። ወደ ላይኛው ማሳ ወጡ። ማጭዱን እንዳያዶለዱመው ችካሉን ነቀሉት። የእሷን ገብስ አንዲት ዛላ ሳያስቀሩ አጨዱ፣ ነዶውን አሰሩ፣ አንድ ላይ ከመሩት፣ ውሃ እንዳያስገባም አናቱን አሳምረው ከደኑት። ወደ አያ ፈንቴ ማሳ ሲወርዱ በረዶው ደረሰ። የእሱ ገብስ ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ቀረ።

ስመኝ ስትመለስ የሆነውን የነገረችኝ የአያ ፈንቴ ባለቤት እቴ የሺ ናት። ስመኝ ከመኪና ወርዳ ሽቅብ ስትወጣ ማሳው ባዶ ሆኖ አየችው። አያ ፈንቴ ከክምሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። ችካሎቹን ለቅሞ፣ እኩል እኩል አድርጎ፣ በገመድ አስሮ ይዞላት ነበር። «እንቺ» አላት፣ «እንጨትሽም አልጠፋም።» ተቀበለችው። አንድ ጊዜ ክምሩን፣ አንድ ጊዜ በረዶ የመታውን የታችኛውን ማሳ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ፈንቴ» አለች። እስሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ስትቆም እቴ የሺ ብርድ መስሏት ጋቢ ደረበችላት።

ወደ እኔ የመጣችው በማግስቱ ነው። የችካሎቹን እስር ከነጭቃው የቆረጥኩት ሱፍ ላይ አስቀመጠችው። ሱፍ ላይ ጭቃ አስቀምጦ ከእኔ አንደበት በደህና የወጣ ሰው የለም፤ ያን ቀን ግን በርጩማ አቀረብኩላት። የዓመት ድካሟ እንደጠፋ፣ ከክምሩ ውስጥ የትኛው ነዶ ከየትኛው መደብ እንደመጣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ያለ እሱ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደማይኖር ነገረችኝ። ጠዋት ከቴሌ ደውላ የጥናት አማካሪዋን አግኝታው ነበር። ሰብሉ እንዴት ተደባለቀ ሲላት ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አለፈችው። እሱም ማሳዋን ጥላ የዞረች ሰነፍ ናት ብሎ ደምድሞ፣ የሰጠናት ጊዜ አልቋል፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ብሏታል። ልትመለስ ነው። እውነቱን ለምን አልነገርሽውም ብዬ ተቆጣኋት።

«ጋሼ፣ የአያ ፈንቴ ገብስ እኮ ጠፍቷል» አለችኝ። «የጠፋው የእኔን ሲያተርፉ ነው። አሁን እኔ ወረቀት ላይ፣ ጥፋተኛው አያ ፈንቴ ነው ብዬ ልጻፍ?»

ቅዳሜ አያ ፈንቴ ገበያ መጣ። እኔ ሰው አይደለሁምን፣ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ደግሞም ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያበቃ ነበር። ገብስ መደባለቁ ምን ክፋት እንዳለው አልገባውም፤ ገብስ ገብስ ነው፣ አንድም ፍሬ አልጎደለም አለኝ። ስለዚህ የብዙ ሰው ኮት ቆርጬ ያስቀመጥኩበትን መደርደሪያ አሳየሁት። ይህ የዳኛው እጅጌ ነው፣ ያ የሙሽራው ጀርባ ነው፤ አንድ ደግ ሰው ሱቄን ሊያጸዳልኝ ብሎ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ቢከተው አንድም ጨርቅ አልጠፋም፣ ግን ኮት የለም አልኩት። መደርደሪያውን ብዙ አየው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ታዲያ ለምን እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ?» አለ።

ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ካሴት ቤቱ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ያዞራል። ቆይቶ ቀና አለና፣ «የምትፈራው ማንን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አማካሪዋን አልኩት።

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላክበት። ያጠፋሁት እኔ፣ ካሹም እኔ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዩኒቨርሲቲ በሽማግሌ አይሠራም ይል ነበር። እኔ ግን ልክ እንደሆነ ወዲያው ታየኝ። ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡልኝ ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ እሳቸው የገቡበት ጠብ ሳይበርድ ቀርቶ አያውቅም። ሄደን ነገርናቸው። መቁጠሪያቸውን እያሻሹ ጨርሰው ሰሙና ልጅቷ ተጠይቃለች ወይ አሉ። ብትጠየቅ እንደማትፈቅድ ነገርኳቸው። «ሳትጠየቅ የተደረገላት ነገር ነው እዚህ ያደረሳት» አሉና ትንሽ አስበው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ቢሆንም እንሂድ። አማላጅ አስፈቅዶ አይሄድም።»

ለጉዞው እኔ ግራጫውን ሱፌን ለበስኩ። አያ ፈንቴ ነጭ ኩታውን አጣፍቶ፣ እግሩን ታጥቦ የላስቲክ ጫማውን አደረገ፤ ሐጂ ሰይድ ከስፌቴ ሁሉ የምኮራበትን ጥቁር ካፖርት ደረቡ። ሐሙሲት ላይ መኪናው ጎማ ሲቀይር ወርደን ሻይ ጠጣን። ሻይ የሚቀዳው ሰው አለባበሳችንን አይቶ ለማን ነው ልጅ የምትጠይቁት አለን። ለገብስ ነው አለው አያ ፈንቴ፣ ሳይስቅ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ አማካሪዋ ዶክተር ዘንድ ለሽምግልና እንደመጣን ስንነግረው ግራ ገባው። «አባቶች፣ ዶክተር እኮ ሚስት አላቸው፤ ሁለት ልጅ ወልደዋል» አለን። ሐጂ ሰይድ፣ «እሰይ፣ ያሳድግላቸው» ብለውት አለፉ።

አማካሪዋ ቢሮው ጠባብ፣ ሸሚዙ ያልተተኮሰ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነበር። ተነሥቶ ወንበር አቀረበልን። አልተቀመጥንም። ደጋግሞ ተቀመጡ አለን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉት ሐጂ ሰይድ፤ እኛ ዘንድ አማላጅ ሽማግሌ እንዲህ እንደሚያደርግ ያውቅ ኖሮ ፊቱ ተለወጠ። እሱም ሳይቀመጥ ቀረ። ስለ ስመኝ መሆኑን ስነግረው፣ ነገሩ በእኔ እጅ አይደለም፣ ኮሚቴ አለ፣ ደንብ አለ፣ እሷም ማሳዋን ጥላ ሄዳ ነው የሆነው አለ። በእንግሊዝኛ ልመልስለት ነበር፤ አያ ፈንቴ ቀደመኝ።

«ጌታዬ፣ እሷ ጥላ አልሄደችም፤ አንቱ ዘንድ ነው የመጣችው። ለእኔ አደራ ሰጥታ ነው የመጣችው። ደመና ሲመጣ ደቦ ጠርቼ የእሷን አስቀድሜ አሳጨድኩ። የነቀልኩትም፣ ያደባለቅሁትም እኔ ነኝ። እሷን አትቅጧት።»

ዶክተሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ይህን ለምን አልነገረችኝም አለ፣ ለራሱ ይመስል። ከዚያ አያ ፈንቴን የእሱ ሰብል ምን እንደሆነ ጠየቀው። በረዶ መታው አለው።

«የእሷን ለምን አስቀደሙ ታዲያ?»

አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄው አልገባውም። ዶክተር የተባለ ሰው ይህን አለማወቁ አስገርሞት ነው።

«እሷ አልነበረችማ» አለ።

ዶክተሩ ይህን ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይናገሩታል ወይ ሲል ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም እናገረዋለሁ አለው። ያኔ ተቀመጥን።

ነገሩ ባንድ ቀን አላለቀም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አያ ፈንቴ ደግሞ ተመላለሰ፣ የቀበሌው ሰዎችም መሰከሩ። በመጨረሻ ለአንድ መኸር ተፈቀደላት፤ ለኑሮ የሚሰጣት ገንዘብ ግን ከዚያ በኋላ እንደማይኖር ተነገራት። እኔ ደስ ብሎኝ ስጠብቃት ፊቷን አጥቁራ ሱቄ ገባች። ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ስሟን እያነሣ ይስቅ ነበር ለካ፤ በኮሪደሩ ስታልፍ ስመኝ ሽማግሌ አስላከች፣ ጥሎሹ ስንት ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ ተማሪ ነኝ፤ ሙሽራ አይደለሁም። ይህን ዲግሪ በልመና ያገኘችው ሲሉኝ ሊኖሩ ነው።»

ያገኘሽው ዲግሪ አይደለም፣ አንድ ክረምት ነው፤ ዲግሪውን ራስሽ ታገኚዋለሽ አልኳት። ለብዙ ቀን አላነጋገረችኝም። በግቢው ስታልፍ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ወጓን ግን ከለከለችኝ። ያን ሰሞን መኪናዬን ያለ ማቋረጥ ረገጥኩት፤ የሚያስቆመኝ ስሕተት የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ወረቀት ይዛ መጣችና፣ ምንም ሳትናገር ከመኪናው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ሆን ብላ የመጀመሪያውን ቃል አበላሸችው። መርገጤን አቆምኩ። ሳቀች።

ያን ዓመት የጓሮዋ ክፍል ያለ ኪራይ ነበረች። ስመኝ ከሰዓት በኋላ የከተማ ልጆች እያስጠናች፣ ጠዋት ወደ ገሳይ በምታገኘው መኪና እየወጣች ኖረች። ዘሩ እንደገና ተዘራ። ቁጥር ማንበብ ለማይችለው አጫጅ ደግሞ እኔ ዘዴ አበጀሁ፤ ለያንዳንዱ መደብ የአቡጀዴ ከረጢት ሰፋሁ፣ አፉን በተለያየ ቀለም ክር ዘመዘምኩት፣ ያንኑ ክር በችካሉ አናት ላይ አሰርን። ቀዩ ከቀይ፣ ብጫው ከብጫ። የደቦው ቀን እሷም ነበረች፣ እኔም ነበርኩ። ሰዉ አንዲት መደብ አጭዶ መቆም፣ ዘፈኑንም ከመሀል መቁረጥ አልተመቸውም፤ እንዲህ ያለ አጨዳ ሙሽራ ልብስ ስትቀያይር ቆሞ እንደመጠበቅ ነው እያሉ ይስቁብናል። አንዱ ማጭድ ወደ እኔ ወርውሮ፣ «አያ ይርዳው፣ እስቲ አንድ ነዶ፤ ወይስ መርፌ ይምጣልህ?» አለኝ። ከረጢት ያዥ ነኝ አልኩት። አያ ፈንቴ ግን አልሳቀም። ከመደብ መደብ እየዘለለ ክሩን ከክሩ ሲያስተያይ፣ ያልተቆጠረ ዛላ ወድቆ እንደሆነ ሲለቅም ዋለ። የእሱ ማሳ የታጨደው በማግስቱ ነው፤ በዚያ ዓመት በረዶ አልመጣም።

ዲፌንሱን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተከታተልን፤ እኔ፣ አያ ፈንቴ፣ እናቷም ከይፋግ መጥተው ነበር። የለበሰችው ኮት የእኔ ሥራ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው የሰው ትከሻ የሆነ። በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሁሉም ገባኝ፤ ያልገባኝ ካለም ከወንበራችን ርቀት የተነሣ ነው። ከውጭ የመጣው ፈታኝ አመሰገናትና ቀጥሎ ያዛት። ጽሑፉ ላይ የመጀመሪያው መኸር ውጤት ለምን የለም፣ በምን አደጋ ጠፋ ሲል ጠየቃት። አማካሪዋ አንገቱን ደፋ። ስመኝ አያ ፈንቴ ወደተቀመጠበት ቀና ብላ አየች። ከዚያ፣ አደጋ አልነበረም አለች። እኔ በሌለሁበት ጎረቤቶቼ ከራሳቸው አስቀድመው ሰበሰቡልኝ፤ ስለ መሬቱ ካጠናሁት ሁሉ የማውቀው ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ የምመዘግብበት ሰንጠረዥ ግን አላገኘሁም አለች።

አያ ፈንቴ ክርኔን ጎሸም አደረገኝ። «ምን አለች?»

«አንተ እንዳጨድክላት ትናገራለች።»

«በክፉ ነው በደግ?»

«በደግ» አልኩት። ኩታውን ወደ ዓይኑ ከፍ አደረገና፣ እስኪያልቅ ድረስ አላወረደውም።

አንባቢ እኔ ራሴ ምን እንዳደረግሁ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር። እንግሊዝኛ አስተማርኩ። የውሰቱን ጽሑፍ አስቀደድኩ። ማሳ አገኘሁ። አንድ ዶክተር ቢሮ ውስጥ ሳልቀመጥ ቆምኩ፤ እሱንም አስቆምኩ። ገብስ እንዳይጠፋ በክር አሰርኩ። ስመኝ ዛሬ ራሷ ዶክተር ናት፤ ሩቅ አገር ታስተምራለች፣ ተማሪዎቿ ሲቸገሩ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው በማሳቸው ዙሪያ ስላሉት ሰዎች ነው ብላ ጽፋልኛለች፤ ያም ቢሆን ከእኔ የተማረችው ነው። የባለፈው ሳምንቱን ልጅ ሱሪም በቀኑ አደረስኩ፤ ሲወስደው፣ ያጨደልህ ሰው ካለ ስሙን ጥራ ብዬ መከርኩት።

አንድ ቀረኝ። አምና ኅዳር አያ ፈንቴ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ደቦ ተጠራ። የሌለ አለ ወይ ተባለ። አያ ፈንቴ የለም። ስመኝ ልትጠይቀው ከሩቅ መጥታ ስለነበር ያንን ሰምታ ማጭድ ይዛ ወደ ላይኛው ማሳ ወጣች። እኔም ከከተማ ተከትያት ወጣሁ። መርፌ ይምጣልህ የሚለኝ እስኪናገር አልጠበቅሁም፤ ማጭድ አንሥቼ ጎንበስ አልኩ። አንድ ነዶ አጨድኩ። ሙሉ ነዶ፤ ራሴ አጭጄ፣ ራሴ አስሬ፣ ከክምሩ አናት ላይ ራሴ አስቀመጥኩት።